የተጫረው መስታወት

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ አሮጌ የፊልም ካሜራ መስታወት እንማማራለን። እኔ ይህን ትምህርት ያገኘሁት አጥፍቼ ነው።

አጎቴ ዜኒት የሚባል፣ በሶቭየት ኅብረት የተሠራ ካሜራ አለው። ውስጡ ገና ያልታጠበ ፊልም ነበረ። ፊልሙ ላይ አያቴን ከማረፏ በፊት ያነሳት ፎቶ አለ። አንድ ቀን አጎቴ በሌለበት ሌንሱን አዙሬ ፈታሁት። ውስጥ ያለው መስታወት አቧራ ይዟል። በዩኒፎርሜ ጫፍ ጠረግሁት። ወይኔ! ተጫረ። የአያቴን ፎቶ ያበላሸሁ መስሎኝ እራቴንም አልበላሁ። በማግስቱ እያለቀስኩ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣኝ፤ ከዚያ አጠገቡ አስቀምጦ አስረዳኝ።

መስታወቱ ምን ይሠራል?
መስታወቱ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። በሌንስ የገባውን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ እኛም የምናነሳውን ነገር በማያው ቀዳዳ እናያለን። ቁልፉን ስንጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ከኋላው ያለው መጋረጃ ይከፈታል፣ ብርሃኑም በቀጥታ ፊልሙ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የመስታወቱ ጭረት ፎቶው ላይ አይወጣም! ሌንሱን ስፈታም መጋረጃው ዝግ ስለነበረ ፊልሙን ብርሃን አላገኘውም።

ለምን ቶሎ ተጫረ?
የቤታችን መስታወት የሚያንጸባርቀው ቅብ ያለው ከብርጭቆው ጀርባ ነው፤ ብርጭቆው ይጠብቀዋል። የካሜራው ቅብ ግን ከፊት ነው፤ የሚጠብቀው የለም። በጨርቅም በጣትም አይነካም። አቧራውን በጎማ መንፊያ እፍ ማድረግ ብቻ ነው።

መቀየር ካስፈለገስ?
1. የቤት መስታወት ቆርጦ መተካት አይሆንም። ብርጭቆው ፊቱም ትንሽ ስለሚያንጸባርቅ ምስሉ ድርብ ሆኖ ይታያል።
2. ቅቡ ከፊት የሆነ መስታወት ከተበላሸ ፎቶ ኮፒ ማሽን ወይም ስካነር ውስጥ ይገኛል።
3. ስፋቱም ውፍረቱም ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን። ከወፈረ በዓይን ስናየው ጥርት ያለው ነገር ፎቶው ላይ ይደበዝዛል።
4. መቁረጡና ማጣበቁ የትልቅ ሰው ሥራ ነው። የመስታወት ስባሪ እጅ ይቆርጣል፤ ጓንት ያስፈልጋል።

አጎቴ ግን አልቀየረውም። «ትንሽ ጭረት ነው፣ ሥራ አይከለክልም» አለኝ። ፊልሙ ሲታጠብ አያቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፈገግ ብላ፣ ጥርት ብላ ወጣች። ልጆች፣ ያልታዘዛችሁትን አትንኩ፤ ካጠፋችሁም ቶሎ ተናገሩ።

የሳምንቱ ጥያቄ፦ የወረቀት ጫፍ ቤታችሁ ካለው መስታወት ጋር አስነኩ። በወረቀቱና በምስሉ መካከል ክፍተት አለ? ለምን? መልሱን ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!