ተኝቶ ለዋለም ምሳ ያስፈልጋል

«እሑድ ተኝተን ስለምንውል ምሳ ምን ያደርግልናል?» የሚል ክርክር በመኝታ ክፍላችን ተነሥቶ ነበር። ውድ ጓደኞች፣ ልብ፣ ጉበትና አንጎል እሑድ የላቸውም! 60 ኪሎ የሚመዝን የ20 ዓመት ወጣት ወንድ ተጋድሞ ቢውልም ሰውነቱ በቀን ወደ 1,600 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። ከመካኒሳ አቦ ተነሥቶ አንድ ኪሎ ሜትር በእግሩ ቢሄድ የሚጨምረው 50 እንኳ አይሞላም። ቢሆንም እንሂድ፤ የእግር ጉዞ የስኳርንና የልብ በሽታን አደጋ ይቀንሳል።

የዚህ እሳት ተቆጣጣሪ አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ነው። አዮዲን ካጣ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይኸው ነው። በደጋው አገራችን ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦታልና በሽታው የቆየ ነው። ጉድለቱ ሲጠና እሳቱም ይደክማል፤ ሰውየው ይበርደዋል፣ ይዝላል፣ ብዙ ሳይበላ ይወፍራል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንዲሉ፣ ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ካጣች የልጇ አእምሮ ይጎዳል። ነገ በክፍላችን «ሰነፍ» የምንለው ተማሪ ምናልባት ያ ልጅ ይሆናል።

በ2003 ዓ.ም. የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ወጥቷል። ነገር ግን ጉሊት ላይ ተከፍቶ ፀሐይ የሚመታው፣ ወይም ከወጡ ጋር ረጅም ሰዓት የሚንተከተከው ጨው አዮዲኑ ይቀንሳል። የወጥ ቤታችን እናቶች ጨውን ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨምሩልን፣ ዕቃውንም ቢከድኑት እንለምናለን።