ሕመምተኛን ስለ መምራት

ሥጋ ሲቈስል መድኃኒት ይደረግለታል፤ ነፍስ በሞት ፍርሃት ስትጨነቅ ግን ምን ይደረግላታል? ይህ ጥያቄ የካህናት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሐኪሞችም ይዘውታል። በአሜሪካ አገር፥ በባልቲሞር ከተማ ባለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ምርምር ለዚህ ምስክር ነው። መንገዱን ካቀኑት ሊቃውንት አንዱ ዶክተር ዊሊያም ሪቻርድስ ናቸው። እርሳቸውም ከሥነ ልቡና ሕክምና ጋር ነገረ መለኮትን የተማሩ ስለ ሆኑ፥ የሰውን ሥጋ፥ ልቡናና መንፈስ ሳይለያዩ በአንድነት ይመለከታሉ።

መድኃኒቱ ሲሎሳይቢን ይባላል። ከአንዳንድ የእንጉዳይ ዓይነቶች የሚገኝ ሲሆን ለጥቂት ሰዓቶች የሰውን ስሜትና አስተያየት ይለውጣል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በወጣው ጥናት፥ ካንሰር ይዟቸው በጭንቀትና በኀዘን የተጠቁ 51 ሰዎች ተካፍለዋል፤ ከስድስት ወር በኋላም ከመቶው 80 በሚያህሉት ላይ ጭንቀቱና ኀዘኑ በጉልህ ቀንሶ ተገኝቷል።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ መድኃኒቱ ብቻውን አደረገው ብለህ አታስብ። ሥራው ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ዝግጅት ነው፤ በራሳቸው ወይም በቅርብ ዘመዳቸው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው እንዳይገቡ ይለያሉ፤ መሪዎቹም ሕመምተኛው እስኪያምናቸው ድረስ የሕይወቱን ታሪክ በትዕግሥት ይሰማሉ። ሁለተኛው የመድኃኒቱ ቀን ነው፤ ሕመምተኛው ዓይኑን ተሸፍኖ ሙዚቃ እየሰማ ይተኛል፤ ሁለት መሪዎችም ከአጠገቡ አይለዩም። የሚያስፈራ ነገር ቢታየው እንዳይሸሸው፥ ይልቁንም ቀርቦ እንዲመለከተው አስቀድመው ይመክሩታል። ሦስተኛው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ያየውንና የተሰማውን ከዕለት ኑሮው ጋር እንዲያስማማው ደጋግመው ያነጋግሩታል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ለይተን ማወቅ ይገባናል። መጀመሪያ፥ ጸጋ እግዚአብሔር በሚዋጥ ነገር አይገዛም፤ ራእይ ማየትም ቅድስና አይደለም። አባቶቻችን ራእይን በፍሬው ይመረምሩት ነበር፤ ትሕትናንና ፍቅርን ካላፈራ አይቀበሉትም። ሁለተኛ፥ መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ራሱን ለመከላከል አቅም የለውም፤ እንዲህ ባለው ሥራ መሪዎች ይህን ድካም ተጠቅመው ሕመምተኛን የበደሉበት ጊዜ መኖሩም ታውቋል። ስለዚህ የመሪው ንጽሕና ከመድኃኒቱ ጥራት ያላነሰ ይፈለጋል።

ለእኛ ለካህናት ግን ሌላ ወቀሳ አለብን። እነዚያ ሐኪሞች አንድ ሕመምተኛ ለመርዳት ቀኑን ሙሉ ከአጠገቡ ሲቀመጡ፥ እኛ ጸሎት አድርሰን ጠበል ረጭተን በቶሎ የወጣነው ስንት ጊዜ ነው? በሞት አፋፍ ያለው ሰው የሚያስፈራውን ሊነግረን አፉን ሲከፍት፥ እኛ ጫማችንን እንፈልጋለን። ንስሐው፥ ቀንዲሉ፥ ቅዱስ ቍርባኑ በእጃችን አለ፤ የጐደለው ጊዜያችንና ጆሯችን ነው። እንግዲህ ካህን የንስሐ ልጁን ሳይታመም ይወቀው፤ ሲታመም አጠገቡ ይቀመጥ፤ ሲሻለውም ተመልሶ ይጠይቀው። ለዚህም ቸሩ አምላክ ይርዳን።