ጨለማው ክፍል ስለ ምን ተዘጋ?

እኛ ተማሪዎች በቅጽ ላይ የሚለጠፍ ጉርድ ፎቶግራፍ ለመነሣት ዛሬም ፎቶ ቤት እንሄዳለን። ፎቶግራፉም በጥቂት ደቂቃ ታትሞ ይሰጠናል። ወላጆቻችን ግን «ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ» ይባሉ ነበር። በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ምን ይሠራ እንደ ነበረና ሥራው ስለ ምን እንደ ቀረ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ፊልም ማለት የብር ጨው ያለበት ጄላቲን የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። ብርሃን ሲነካው ለዐይን የማይታይ ምልክት ይቀርበታል። በጨለማ ክፍል በማጠቢያው መድኃኒት ሲነከር ብርሃን የነካው ጨው ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል፤ ያልነካውን ደግሞ ሃይፖ የሚባለው መድኃኒት አሟሙቶ ያስወግደዋል። ነጋቲቭ የሚገኘው በዚህ ዐይነት ነው፤ ከነጋቲቩም ፎቶግራፉ በወረቀት ላይ ይታተማል።

ልብ ልንለው የሚገባው ነገር፣ እነዚህ ዕቃዎች ሁሉ የሚበላሹ መሆናቸው ነው። ፊልሙና ወረቀቱ የተወሰነ ዕድሜ አላቸው፤ የተበጠበጠው ማጠቢያም አየር ሲያገኘው ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ ነጋዴው ዕቃውን ሊያስመጣ የሚችለው ቶሎ ቶሎ የሚገዛው ሲኖር ብቻ ነው። ገዢ ሲያንስ ዕቃው ከመደርደሪያው ሳይወርድ ያረጃል፤ ትርፉ ቀርቶ ዋናውም ይጠፋል። ነጋዴው ማስመጣቱን ሲተው ደግሞ ሥራውን የሚወደው ባለሙያ ሳይቀር ሳይወድ በግድ ይተዋል።

ይህ በአገራችን ብቻ የደረሰ አይደለም። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን ያለ ፊልም የሚሠራ ካሜራ የሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ነው። ያው ኮዳክ በ2005 የጥቁርና ነጭ ማተሚያ ወረቀት መሥራቱን አቆመ፤ በ2012ም ከዕዳው የተነሣ የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ጄሶፕስ የተባለው የካሜራ ነጋዴ በ2013 ከስሮ 187 ሱቆቹ ተዘጉ።

ይሁን እንጂ እኛን የሚያሳስበን የንግዱ መቅረት ብቻ አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ያነሡት የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ በመጻሕፍት ታትሞ ይኖራል። የአስተማሪው፣ የሙሽራዋና የወታደሩ ነጋቲቭ ግን ያለው በየፎቶ ቤቱ ካርቶን ውስጥ ነው፤ ቤቱ ሲዘጋ ካርቶኑም አብሮ ሊጣል ይችላል።

ስለዚህ በመጪው ዕረፍት እያንዳንዳችን በሰፈራችን ያለውን አሮጌ ፎቶ ቤት እንጠይቅ። ባለቤቱ ከፈቀዱም የሰዎቹን ስምና ዓመቱን ከአንደበታቸው ሰምተን እንጻፍ፤ ነጋቲቮቹም ከሙቀትና ከርጥበት ርቀው እንዲቀመጡ እናግዛቸው። መድኃኒቱን መልሰን ማስመጣት ባንችልም፣ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ መጠየቅ አያቅተንም።