ጨዋታን ለሌላ ከመስጠት በፊት ስለ መፈተን

ገበጣ የሚጫወት ሰው ደንቡን ከወረቀት አይማርም፤ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ «ይኽ አይኾንም» እያለ ያርመዋል። ደንቡም ከአገር አገር ይለያያል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ብዙ ዐይነቱን መዝግበዋል። በቤት የተሠራ ጨዋታ ግን በወረቀት ተጽፎ ከአዳማ ወደ ሌላ ከተማ ሲላክ ሠሪው አብሮት አይኼድም። አስቀድሞ መፈተን የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

እኔ የሠራኹት ጨዋታ እንደ ተረት ያለ ነው። አንዱ ተራኪ ይኾናል፤ ሌሎቹ አራቱ ነጋዴ፣ ሾፌር፣ ረዳትና ገበሬ ኾነው ከአዳማ ይነሡና በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነጌሌ በኩል ሻሸመኔ ይገባሉ። ጎማ ሲፈነዳ ወይም ሽንኩርት ሲበሰብስ እያንዳንዱ የሚያደርገውን ይናገራል፤ መሳካቱን ግን ኹለት ዳይስ ይወስናል። ይኽን የመሰለውን ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያሳተሙት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው፤ ጋይጋክስም ረቂቃቸውን መጀመሪያ የፈተኑት በገዛ ልጆቻቸው ነው።

አኹን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ኹለት ዳይስ ሲጣል 36 ዐይነት አወዳደቅ አለ፤ ከነዚህም 7ና ከዚያ በላይ የሚያስገኙት 21 ናቸው። ከእኩሌታ ስለሚበልጥ ለተጫዋቹ የሚያደላ ይመስላል። ነገር ግን በመንገዱ ላይ አምስት መሰናክል ቢኖርና አንዱን የሳተ ይውጣ ቢባል፣ 21/36ን አምስት ጊዜ ጽፈን ስናባዛው ሻሸመኔ የሚደርሰው ከመቶ 7 ያኽል ብቻ ይኾናል። ደንቦችን ለማነጻጸር ኹለት ማታ አጫወትኹ። በፊተኛው ማታ «የሳተ ይውጣ» ብለን ነበርና ረዳት የኾነው ልጅ ሞጆ ላይ ወጣ፤ ጥቂት ተቀምጦ ከተመለከተ በኋላ ደብተሩን አንሥቶ ወደ ቤቱ ኼደ። በማግስቱ የሳተው ከጭነቱ ሩቡን እንዲያጣ ብቻ አደረግን። አራቱም ደረሱ፤ አንድ ሩብ ብቻ ይዞ የገባው ገበሬ ከኹሉ ይልቅ ሣቀ።

በሦስተኛው ጊዜ ተራኪው ሌላ ሰው ይኹን፤ ሠሪውም ጥግ ተቀምጦ የሚጠየቀውን ይጻፍ እንጂ አይመልስ። ከሥራው ኹሉ የሚከብደው ይኽ ዝምታ ነው! አንዱ ተጫዋች ለታናሽ እኅቱ ደንቡን በአፋን ኦሮሞ ሲያስረዳት «ሩብ» ከሚለው ቃል ላይ ቆመ፤ ከመጀመሪያው ጭነት ነው ወይስ ከቀረው? ከመጀመሪያው ከኾነ አራት ጊዜ የሳተ ባዶውን ይቀራል፤ ከቀረው ከኾነ ግን ምንጊዜም ጥቂት ይተርፈዋል። ልጅቱ «ባዶ መቅረት ይሻላል፤ ያን ጊዜ ጓደኞቹን ይለምናል» ብላ ፈረደች። ደንቡም እንዲሁ ተጻፈ። የሚቀጥለው ፈተና መቂ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ያለ እኔ ይኼዳል።