ስለ ክብደትሽ የምመክርሽ

ልጄ፣ ከሁለተኛው ልጅሽ ወዲህ የጨመርሽውን ኪሎ እያነሳሽ ራስሽን ሰነፍ፣ ሆዳም እያልሽ እንደምትሰድቢ እናትሽ ነገረችኝ። ያ ስድብ አስቆጥቶኝ ነው የምጽፍልሽ። በዚህ በእስራኤል አገር ብዙ ዓመት በጤና ጣቢያ ለወገኖቻችን ለቤተ እስራኤል ሳስተረጉም ኖሬአለሁና የምነግርሽ ያየሁትን ነው።

1. ስንፍና የሚለውን ቃል ከአፍሽ አውጪ። ወላጆቻችን በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሲመጡ ስኳር በሽታ በመካከላቸው ፈልጎ የሚገኝ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የዚህ አገር ሐኪሞች አዲስ የመጣውንና ጥቂት ዓመት የቆየውን ሰው እያነጻጸሩ ገና ከሰማንያዎቹ ጀምረው ልዩነቱን ጽፈውታል። ዛሬ ቤተ እስራኤል ከሌላው የአገሩ ሕዝብ ይልቅ በስኳር በሽታ ይጠቃል። በአንድ ትውልድ ሰው ሁሉ ሰነፈ ልትዪኝ ነው? በጎንደር አያትሽ ውኃ ከወንዝ ትቀዳ፣ እህል በድንጋይ ትፈጭ፣ ገበያ በእግሯ ወጥታ በእግሯ ትመለስ ነበር። ምግቧ ጤፍና ገብስ፣ ሽሮና ጎመን ነበር። ስኳር ለእንግዳ ካልሆነ አይወጣም። እዚህ ስትደርስ አውቶቡስ ከደጇ ይቆማል፣ ጤፉ ተወዷል፣ ነጭ ዱቄትና ለስላሳ ግን ርካሽ ነው። ሰውነቷ ያው የድሮው ነው፤ ኑሮዋ ነው የተገለበጠው። ስለዚህ ፈቃድሽን ከመውቀስ በፊት በዙሪያሽ ያለውን ነገር መለወጥ ነው ያለብሽ፤ ጓዳሽንም፣ ከጓዳሽ ውጭ ያለውንም።

2. ባልሽ ቀጭን ነው ብለሽ አትዘናጊ። ለሌላው ሰው ጤነኛ በሚባለው ክብደት ላይ እንኳ የእኛ ሰው በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ እንደሆነ እዚሁ እስራኤል የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ሚዛኑ ብቻውን አይነግራችሁም። የልብስ ሰፊ ሜትር አምጪና እምብርት አካባቢ ለኪ፤ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር፣ ለወንድ ከ94 ሲያልፍ አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። ወደ ጤና መድናችሁ፣ ወደ ኩፓት ሆሊም ሂዱና ሁለታችሁም የደም ስኳራችሁን አስመርመሩ። ይህን ነገ ዛሬ አትበሉ።

3. ከምታኝኪው ስኳር ይልቅ የምትጠጪውን ፍሪ። 330 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት ጣሳ ኮካ ኮላ 35 ግራም ስኳር አላት። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ደግሞ አዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ነው። ጣሳዋ ብቻዋን የተሻለውን ልክ አልፋ ሄደች። ፈሳሽ ስለሆነ ደግሞ አያጠግብም፤ ጠጥተሽው ያንኑ እንጀራ ትበያለሽ። ቡናውንም አስቢው፦ በስኒ ሁለት ማንኪያ ከጨመርሽ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ስድስት ማንኪያ ይሆናል፤ ወደ 24 ግራም ነው። ቡናውን ተዪ አልልሽም፤ ጎረቤት የሚገናኝበት፣ ሐዘንተኛ የሚጽናናበት ነውና እንዲቀር አልፈልግም። ማንኪያውን ግን ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ አውርጂ። ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል። የልጆቹን ጠረጴዛ ደግሞ ለውኃ ብቻ ስጪው፤ ጭማቂም ለልጅ ውኃ አይሆንም።

4. ሱፐርማርኬት ስትገቢ ቀዩን ክብ ምልክት ተመልከቺ። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም ጎጂው ስብ የበዛበት የታሸገ ምግብ ሁሉ ቀይ ምልክት እንዲለጠፍበት ሕጉ ያስገድዳል። በተከታዩ ዓመት ልኩ ጠበቀ፤ ደረቅ ምግብ በ100 ግራም ከ10 ግራም በላይ ስኳር ካለው ምልክቱ አይቀርለትም። ዕብራይስጥ ማንበብ የማትችለዋ እናትሽ እንኳ በሥዕሉ ትለየዋለች፤ እኔ ይህን ሕግ የምወደው ለዚህ ነው። ሁለት ቀይ ያለበትን ዕቃ መልሽው።

5. ቀረጡን አትርሺው። በጃንዋሪ 2022 መንግሥት በጣፋጭ መጠጥ ላይ ቀረጥ ጥሎ ነበር፤ ስኳሩ ለበዛው በሊትር 1 ሸቀል። በ2023 መጀመሪያ አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ቤጻልኤል ስሞትሪች አነሱት። ቀረጡ ድሃውንና ብዙ ልጅ ያለውን ቤተሰብ ይጎዳል የሚል ክርክር ሲሰማ ነበር። እኔ ግን በአስተርጓሚነቴ በስኳር በሽታ እግሩ ሊቆረጥ ለተወሰነበት ሰው የሐኪሙን ቃል ነግሬአለሁ፤ ያም ሰው ድሃ ነበር። በሽታውስ ድሃውን አይጎዳም? ሜክሲኮ በ2014 በሊትር 1 ፔሶ ስትጥል የሚገዛው ጣፋጭ መጠጥ በዚያው ዓመት በአማካይ ወደ 6 በመቶ ቀነሰ፤ ቅናሹ በድሃው ቤት ይበልጥ ጎልቶ ታየ። እንግሊዝ በ2018 ስታስከፍል ደግሞ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ስኳሩን ቀነሱት፤ ጠጪው ሳያውቀው ተጠቀመ። ድሃው ተጎዳ ካሉ የተሰበሰበውን ገንዘብ በድሃው ሰፈር ለአትክልትና ለልጆች ምሳ ያውሉት ነበር፤ መሰረዙ መልስ አልነበረም። ድምፅ ስትሰጪ ይህንንም ከጥያቄዎችሽ ጋር አስገቢው።

6. «በሞቴ» ለሚልሽ ሰው መልስ አዘጋጂ። በሰርግም በሐዘንም ሰሃንሽን የሚሞላልሽ ዘመድ ፍቅሩን ነው የሚሰጥሽ፤ ስለዚህ አታሳፍሪው። ጎመኑንና ምስሩን ቀድመሽ አንሺ፣ አንዷን ጉርሻ በደስታ ተቀበዪ፣ ከዚያ «ሐኪም ከልክሎኛል» በዪ። እኛ አረጋውያን ይህችን ቃል እናከብራለን። አንቺም እንግዳ ሲመጣብሽ አንድ ጊዜ ብቻ አቅርቢና ተዪ።

7. ሃያ ኪሎ ልጣል አትበዪ። በአሜሪካ የስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የደረሱ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2002 ውጤቱ የወጣው ትልቅ ጥናት ግቡ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነበር። በዚህ ብቻ በሽታው የሚይዛቸው ሰዎች ቁጥር በ58 በመቶ ቀነሰ። ዘጠና ኪሎ ለሆነ ሰው 7 በመቶ ስድስት ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ሂጂ፤ ከጎረቤትሽ ጋር ከሆነ አታቋርጪውም።

8. ስለ ክብደት መቀነሻው መርፌ ጠይቀሽኛል። ኦዜምፒክና መሰሎቹ በእርግጥ ይሠራሉ፤ ለሚያስፈልገው ሰው መድኃኒት መውሰድ ነውር አይደለም። ሐኪም ሳያይሽ ግን ከሰው እጅ አትግዢ። ሲቋረጥ ከቀነሰው ክብደት ሁለት ሦስተኛው ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚመለስ በጥናት ስለታየ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደምትወስጂው አስቀድመሽ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ።

9. በልጆችሽ ፊት ሰውነትሽን አትስደቢ፤ ሴት ልጅሽንም «ወፈርሽ» አትበያት፣ በሙገሳም ቢሆን። ይልቅ ትምህርት ቤቷ ሂጂ። በትምህርት ቤት የሚቀርበውና የሚሸጠው ምግብ የጤና ሚኒስቴርን መመሪያ እንዲከተል የሚያዝ ሕግ የአገሩ ምክር ቤት ክኔሴት በ2014 አጽድቋል። በቅርቡ የወላጆች ስብሰባ አለ ብለሽኛል፤ ኪዮስኩ ውስጥ ምን እንደሚሸጥ አስቀድመሽ ገብተሽ እዪ፣ ጻፊው፣ ሕጉን ጠቅሰሽ በስብሰባው ጠይቂ። ዕብራይስጥሽ ከእኔ ይሻላል፤ ከፈለግሽኝ ግን አብሬሽ እቀመጣለሁ።