ሕንፃን ከሕንፃ፣ ሰውን ከሰው የሚያገናኝ ድልድይ

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ረጃጅም ሕንፃዎችን ከላይ የሚያገናኝ ድልድይ እንዴት እንደሚሠራና ለማን እንደሚሠራ ነው።

በማሌዢያ ዋና ከተማ በኩዋላ ሉምፑር ሁለቱን የፔትሮናስ ማማዎች በ41ኛውና በ42ኛው ፎቅ ላይ የሚያገናኝ ድልድይ አለ። ከመሬት 170 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ርዝመቱም 58 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሣ ማማዎቹ ለየብቻ ስለሚወዛወዙ፣ ድልድዩ ከሁለቱም ጋር ጠብቆ አልታሰረም፤ ጫፎቹ እንዲንሸራተቱ ሆኖ ተሠርቷል። ባንደኛው ማማ አደጋ ቢደርስም ሰው ወደ ሌላው ይሸሽበታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሐዲድም በከፊል ከመንገድ በላይ ተዘርግቷል። እንግዲህ ሕንፃዎቻችንን በድልድይ እናገናኝ ብንል ሁለት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ድልድዩ ከመንገድ ይጀምር። ደረጃ ለማይችሉ ሽማግሌዎችና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሊፍት ይኑረው።

ሁለተኛ፣ ለሁሉም ክፍት ይሁን። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ሄዶ አሸዋና ብረት የተሸከመው የቀን ሠራተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ከዘበኛው ፊት የሚመለስ ከሆነ ድልድዩ ያገናኘው ሲሚንቶን ከሲሚንቶ ነው።

በሐዲያና በከምባታ ከተሞቻችንም ፎቅ እየተሠራ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን የሕንፃ ንድፍ የሚማር ሁሉ በወረቀቱ ላይ አስቀድሞ የሰውን መግቢያ ያስምር።