ወደ ጢያ የሚሄዱ እንግዶችን በእርሻ ቤት ስለ መቀበል

ትምህርት ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች

እንግዳ መቀበል ለአገራችን ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ሲመታ አሳድሮ፥ አብልቶ መሸኘት ከአባቶች የተወረሰ ልማድ ነው። ነገር ግን ገንዘብ ከፍሎ፥ ቀን ቈርጦ፥ ታሪካዊ ሥፍራ ሊያይና የገበሬ ምግብ ሊቀምስ የሚመጣ እንግዳ ሌላ ዝግጅት ያስፈልገዋል። ዘር ከመዝራት በፊት መሬቱ እንደሚታረስ ሁሉ፥ እንግዳው ከመምጣቱም በፊት ቤቱ፥ ጓሮውና ሒሳቡ መዘጋጀት አለባቸው። ያለ ዝግጅት የተቀበሉት እንግዳ ጥቂት ብር ትቶ ብዙ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ይህ ትምህርት ጥቅሙ እንዴት እንደሚገኝ፥ ጉዳቱም እንዴት እንደሚርቅ ያሳያል። ምሳሌ እንዲሆነን ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ እንይዛለን።

1ኛ. በመንገዱ ላይ ያሉት ሥፍራዎች

በዚህ መንገድ ላይ በአንድ ቀን ተጐብኝተው የሚያልቁ ሦስት ሥፍራዎች አሉ።

የመጀመሪያው መልካ ቁንጡሬ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ የሆላንድ ተወላጅ የውሃ ባለሙያ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎችን እዚያ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮም ዣን ሻቫዮን የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ ቁፋሮውን ለብዙ ዓመታት መርቷል። የሥፍራው ታሪክ እስከ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይደርሳል። ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል 700,000 ዓመት ያህል የቈየ የሕፃናት የእግር አሻራ ጭምር ተገኝቷል። በአቅራቢያው ባለው በባልጪት የጥንት ሰዎች ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት ያወጡ ነበር። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

ሁለተኛው አዳዲ ማርያም ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የሚገኝ፥ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአፈ ታሪክ የሚያሠራው ንጉሥ ላሊበላ እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬም የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ እንግዳው ጫማውን አውልቆ፥ በትሕትና ለብሶና ካህናቱን አስፈቅዶ ይገባል።

ሦስተኛው በሶዶ ወረዳ የሚገኘው የጢያ ትክል ድንጋይ ነው። ከአዲስ አበባ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በሥፍራው 36 ድንጋዮች ሲኖሩ ከእነዚህ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ከቅርጾቹ ብዙዎቹ ሰይፎች ናቸው። ከድንጋዮቹ ሥር በተደረገው ቁፋሮ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚገመት ወጣቶች መቃብር ተገኝቷል። ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። የቅርጾቹ ሁሉ ትርጓሜ ገና ተፈትቶ አላለቀም። ስለዚህ እንግዳ ሲጠይቅ የማያውቁትን እንደሚያውቁ አድርጎ መናገር አይገባም፤ ሥፍራውን የሚያስጐበኘው ሰው ይመልስ።

2ኛ. የቀኑ አከፋፈል

አንድ ገበሬ ቤት ከ6 እስከ 8 እንግዶች ቢቀበል ይበቃዋል። ከዚህ የበለጠ ሲሆን ምጣዱም፥ መቀመጫውም፥ የቤቱ ሰውም አይበቃም፤ ጓሮውም ይረገጣል። ቀኑን እንደሚከተለው መክፈል ይቻላል።

ከጧቱ 1 ሰዓት ከአዲስ አበባ መነሣት፤ 2 ሰዓት ተኩል መልካ ቁንጡሬ ደርሶ አንድ ሰዓት ያህል መጐብኘት፤ 4 ሰዓት ከሩብ አዳዲ ማርያም መድረስ፤ 6 ሰዓት ተኩል በጢያ አጠገብ ካለው ገበሬ ቤት ገብቶ ጓሮውን ማየትና ምሳ መብላት፤ 8 ሰዓት ተኩል ወደ ትክል ድንጋዩ መሄድ፤ 10 ሰዓት የመልስ ጉዞ መጀመር። እንዲህ ከሆነ እንግዶቹ ሳይመሽባቸው ይመለሳሉ።

ቀን ሲቈረጥ ሦስት ነገር ይታሰብ። ወር በገባ በ21 የማርያም ቀን ስለ ሆነ አዳዲ ምእመን ይበዛበታል። በክረምት ወደ አዳዲ የሚያስገባው መንገድ ሊጨቀይ ይችላል። በመስቀል ሰሞን ደግሞ የጉራጌ ቤት ሁሉ በራሱ በዓልና ከከተማ በሚመጣው ዘመዱ የተያዘ ነው። የተመቸው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው።

3ኛ. ስለ ምግቡ

እንግዳው ከከተማ ድረስ የመጣው የሆቴል ምግብ ፍለጋ አይደለም። የቤቱን ቆጮ፥ ጎመን፥ አይብና ቡና ለመቅመስ ነው። ለስላሳ መጠጥና ፓስታ ከከተማ ገዝቶ ማቅረብ ገንዘብን ማባከን ነው።

ከመብሉ በፊት እንሰቱ ከተክልነት እስከ ገበታ እንዴት እንደሚደርስ ቢታይ እንግዳው ደስ ይለዋል። የደረሰው እንሰት ተነቅሎ ግንዱ በጣውላ ላይ ሲፋቅ፥ ሥሩ ሲከተከት፥ ከጭማቂው ቡላ ሲዘቅጥ፥ ከፋቂው ቃጫ ሲቀር፥ የተፋቀውም በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ በየደረጃው ማሳየት ይቻላል። ሁሉንም በዚያው ቀን መሥራት አያስፈልግም። ለእንግዳ ተብሎ ያልደረሰ እንሰት መንቀል ግን ከባድ ጥፋት ነው። ተክሉ ለመድረስ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ለትዕይንት የተነቀለው ለክፉ ቀን የተቀመጠ ቀለብ እንደ ነበረ አይዘንጋ።

በምግብ ዝግጅት እነዚህን መጠበቅ ይገባል።

ሀ) ክትፎ በጥሬው ሲቀርብ የኮሶ ትል ሊያስተላልፍ ይችላል። ለብለብ ማድረግ ትሉን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም። ሥጋው በሐኪም የተመረመረ ይሁን፤ ለእንግዳም መሐሉ ድረስ ደኅና አድርጎ ማብሰል ነው። ጥሬውን ካልበላሁ የሚል ቢኖርም ባለቤቱ ጉዳቱን ሳይደብቅ ይንገረው።

ለ) ያልፈላ ወተት ለእንግዳ አይሰጥ። አይቡም በንጹሕ ዕቃ የተሠራና ያልሰነበተ ይሁን።

ሐ) የመጠጥ ውሃ ፈልቶ፥ ቀዝቅዞ፥ ክዳን ባለው ዕቃ ይቅረብ። ሳሙናና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ከምግቡ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

መ) መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ፥ ክዳንና በር ያለው፥ ከውሃ ጉድጓድም ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ ይሁን።

ሠ) እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት የሚጾምና የማይጾም፥ ሙስሊምና ክርስቲያን፥ ሥጋ የማይበላም እንዳለ ይጠየቅ። ረቡዕና ዓርብ፥ በዐቢይ ጾምም ቆጮ ከጎመንና ከሽሮ ጋር በዘይት ተሠርቶ ቢቀርብ ማንንም አያስቀይምም። ለሙስሊም እንግዳ በሙስሊም ያልታረደ ሥጋ አይቀርብም፤ ለክርስቲያኑም እንደዚሁ ይጠየቅ።

4ኛ. እንሰቱን ከበሽታ ስለ መጠበቅ

የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። በአገራችን በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፥ እስከ ዛሬ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ሙዝንም ያጠቃል። በሽታው የያዘው ተክል መካከለኛው ቅጠል ይጠወልጋል፤ ቢጫ ይሆናል፤ ግንዱ ወይም የቅጠሉ አንጓ ሲቈረጥ ነጣ ያለ ወይም ቢጫማ ፈሳሽ ያወጣል። ከተክል ወደ ተክል በብዛት የሚያደርሰው የሰው እጅ የያዘው ቢላዋ ነው።

እኔ ራሴ አንድ ቀን ጥቂት እንግዶች ይዤ ሁለት ጓሮ አስጐበኘሁ። በመጀመሪያው ቤት ቅጠል ቈርጬ ውስጡን አሳየሁ። በሁለተኛው ቤት ያንኑ ቢላዋ አውጥቼ ወደ እንሰቱ ስጠጋ የቤቲቱ እመቤት እጄን ያዙኝ። «ቆይ ልጄ፤ ይህ ቢላዋ ከየት ነው የመጣው?» አሉኝ። ከጎረቤት መሆኑን ስነግራቸው ወስደው በእሳት አስነኩትና ካቀዘቀዙት በኋላ መለሱልኝ። ይህን ለሌላ ሰው የማስተምረው እኔ ነበርኩ፤ በእንግዶቹ ፊት ዘነጋሁት። ያን ቀን የተማርኩት ነገር፥ ሰው ሲበዛና ጨዋታ ሲደምቅ ጥንቃቄ እንደሚረሳ ነው። ስለዚህ ደንቡ አስቀድሞ ይቁም።

ሀ) እንግዳም ሆነ አስጐብኚ የራሱን ቢላዋ ይዞ ወደ ጓሮ አይግባ። የሚቈረጥ ካለ በቤቱ ቢላዋ፥ በቤቱ ሰው እጅ ይቈረጥ።

ለ) ቢላዋው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሳይዛወር በእሳት ይለብለብ፤ ወይም በበረኪና ይታጠብ።

ሐ) በሽታ ያለበት ጓሮ አይጐብኝ። በአንድ ቀንም ከአንድ በላይ የእንሰት ጓሮ አይጐብኝ፤ ግድ ከሆነ ጫማ ላይ ያለው ጭቃ ተጠርጎ ይታጠብ።

መ) እንግዳ ችግኝ ወይም የእንሰት ቅጠል ልውሰድ ቢል አይሰጠው።

ሠ) የታመመ ተክል ሲታይ ሥሩ ሳይቀር ተነቅሎ ከጓሮው ርቆ በጥልቅ ይቀበር፤ ለከብት አይሰጥ፤ ለልማት ሠራተኛውም በዚያው ቀን ይነገር።

አንድ የምሳ ገቢ የሚያልቀው በሳምንት ነው። በበሽታ የጠፋን የእንሰት ጓሮ መልሶ ለማቆም ግን ዓመታት ይፈጃል። ሁለቱን አመዛዝኖ የማያይ ሰው እንግዳ ባይቀበል ይሻለዋል።

5ኛ. ስለ ጥንታዊ ድንጋዮች

እንግዳ የሚመጣው ድንጋዮቹ በቦታቸው ስላሉ ነው። ስለዚህ በሥፍራው አጠገብ ማረስ፥ ከብት ማሰር፥ የተቀረጸ ድንጋይ ለአጥር ወይም ለቤት መሠረት መውሰድ የራስን ገበያ ማፍረስ ነው። በመልካ ቁንጡሬና በባልጪት አካባቢ ልጆች ጥቁሩን የመስተዋት ድንጋይ ለቅመው ለእንግዳ እንዳይሸጡ ወላጆች ይከልክሉ። ለልጁ ተራ ድንጋይ የመሰለው ለተመራማሪ ከመጽሐፍ ላይ እንደ ተቀደደ ገጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደሚያዘው፥ በእርሻም ሆነ በቁፋሮ ድንገት ጥንታዊ ዕቃ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ አለበት። ማረሻው ያልተለመደ ነገር ቢመታ ሥራውን እዚያው አቁሞ ለቀበሌው መንገር ነው።

6ኛ. ስለ ሒሳቡ

ብዙ ገበሬ የሚከስረው የራሱን ምርትና ድካም ከቁጥር ስለማያስገባ ነው። የሚከተለው ለስሌት መልመጃ የቀረበ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም።

ለ8 እንግዶች ምሳ፦ ሥጋ፥ ቅቤ፥ ቡናና ቅመም ተገዝቶ 2,000 ብር፤ ከጓሮ የወጣው ቆጮ፥ አይብና ጎመን በገበያ ቢሸጥ የሚያወጣው 900 ብር፤ ማገዶና ውሃ 100 ብር፤ የሴቶቹ የሥራ ዋጋ 600 ብር፤ በጠቅላላው 3,600 ብር።

አንዱ እንግዳ 400 ብር ቢከፍል የሚገኘው 3,200 ብር ነው። ባለቤቱ ከገበያ የገዛበትን 2,000 ብር ብቻ ቀንሶ «1,200 ብር አተረፍኩ» ይላል። በእውነቱ ግን 400 ብር ከስሯል። ዋጋው 500 ብር ቢሆን ገቢው 4,000፥ ትርፉም 400 ብር ይሆናል። ስለዚህ ዋጋ ከመቈረጡ በፊት ወጪው ሁሉ በደብተር ይጻፍ፤ ዋጋውም እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ይነገረው እንጂ ከምሳ በኋላ ክርክር አይሁን።

ሌላም ነገር አለ። እንሰቱን የሚፍቁት፥ ቆጮውን የሚጋግሩት፥ ቡናውን የሚያፈሉት ሴቶች ናቸው። ገንዘቡን የሚቀበለው አባወራው ብቻ ከሆነና እመቤቲቱ ከድካሟ ምንም ካላየች፥ ሥራው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ ይቆማል። የሥራዋ ዋጋ በእጇ ይሰጣት። በአንድ መንደር ያሉ ቤቶችም በየተራ ቢቀበሉ ምቀኝነት ይርቃል፤ ጓሮዎቹም ያርፋሉ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

የልማት ሠራተኛው ገበሬዎችን ሰብስቦ ይህን ካነበበ በኋላ የሚከተሉትን ይጠይቅ።

1. በመንደራችን እንግዳ ለመቀበል ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ያለው ቤት የትኛው ነው? የጐደለውስ ምን ይሟላለት?

2. የእንሰት አጠውልግ በሽታ የታየበት ጓሮ አለን? ካለስ እስኪጠፋ ድረስ እንግዳ እንዳይገባ ማን ይጠብቃል?

3. ቢላዋ በእሳት መለብለብን ዛሬውኑ እዚህ በተግባር ማን ያሳየናል?

4. የ8 ሰው ምሳ በእኛ ገበያ ስንት ያስወጣል? ከእመቤቶቹ ጋር ሆነን እንጻፈው።

5. ተራው እንዴት ይያዝ? የሴቶቹስ ድርሻ ስንት ይሁን?

መልሱ በደብተር ተጽፎ፥ ጐደሎው ተሟልቶ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ጥሩ። መጀመሪያ ስድስት ሰው ብቻ ይሁን። እነርሱ ጤነኛ ሆነው ቢመለሱ፥ ጓሮውም እንደ ቀድሞው አረንጓዴ ሆኖ ቢቈይ፥ ለሁለተኛው ጊዜ መዘጋጀት ትችላላችሁ።